በፎገራ መንገድ የአሮጌ መኪና ሞተር መለወጥ፤ ታሪኩና የመሪው፣ የጭስ ማውጫውም ችግር

የአገራችን የመኪና ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከቤተ መንግሥት ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው ሆልትስ በየፊናቸው አውቶሞቢል ይዘው አዲስ አበባ መግባታቸው፣ ዳግማዊ ምኒልክም ለዚህ አዲስ ነገር ታላቅ ፍላጎት ማሳየታቸው ይተረካል። ከዚያም ትረካው ወደ መንገድ ሥራ፣ ወደ ዐዋጅና ወደ መኪና ቍጥር ይሻገራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው አገር ከገባ በኋላ ሃያና ሠላሳ ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ የበለጠ ዘመን እየሠራ የኖረው እንዴት ነው? ሞተሩ ሲደክም፣ መለዋወጫው ሲጠፋ፣ የሠራው ፋብሪካ ያንን ዓይነት መሥራቱን ሲተው ማን አኖረው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህን ነው። ለጥናታችን የመረጥነው ስፍራ ወረታና የፎገራ ሜዳ ሲሆን፣ የመረጥነውም ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ እንደሚታየው ሜዳና ዳገት፣ ጭቃና ድንጋይ በአንድ ስፍራ የሚገናኙበት በመሆኑ ነው።

ስለ አገሩ አቀማመጥ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ተዘርግቶ የሚገኝ፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች የሚያቋርጡት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ለጥ ያለ ምድር ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን ወንዞቹ ሲሞሉና ሐይቁ ሲገፋ አብዛኛው ክፍል በውኃ ይተኛል። የፎገራ ከብት ስሙ የገነነው በዚህ ሣርና ውኃ ነው። ከመኪና በፊት ጭነት በአህያና በበቅሎ፣ በሐይቁ ላይም በታንኳ ይመላለስ ነበር።

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድም ከዚህ ይገነጠላል። ይኸው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት ዕርዳታ እስከ ወልድያ ድረስ በመሠራቱ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ እየተባለ ይጠራል። ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር የሚደርስ መኪና ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ጉዞ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል።

ይህ ከፍታ ለሞተር ቀላል ነገር አይደለም። አየር እየሳሳ በሄደ ቍጥር በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ያንሳል፤ ነዳጁም በሚገባ አይቃጠልም። በግምት ሲነገር፣ አየርን ያለ ረዳት መንፊያ የሚስብ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። በባሕር ዳርቻ 80 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ወረታ ላይ 65 ያህል፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ከ60 በታች ይሆናል ማለት ነው። ባለ መኪናው ጭነቱን ስላልቀነሰለት፣ የሚቀረው ምርጫ በርከት ያለ ጉልበት ያለው ሞተር መፈለግ ነው። እንግዲህ የሞተር መለወጥ አንዱ ምክንያት መሬቱ ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

መንገድን ለመኪና ማስተካከል፣ መኪናን ለመንገድ ማስተካከል

ከፎገራ በላይ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ጥበብ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ማስቀለጣቸው የታወቀ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ በጂዳና በበሽሎ ገደል ወርዶና ወጥቶ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ፈጅቷል። ሠረገላው ሽቅብ ሲወጣ በሰው ጉልበት ይሳባል፤ ቍልቍል ሲወርድም እንዳያመልጥ በሰው ጉልበት ከኋላ ይያዛል። ሠረገላው ሊታጠፍ በማይችልበት ስፍራ ሁሉ ዐለቱ ተፈልጦ መንገዱ ይሰፋል። በዚያ ዘመን የመሪ ችግር የተፈታው ምድሩን በመቍረጥ ነበር።

ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ሌላ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የፋሺስቱ አኪሌ ስታራቼ በመኪና የተጫነ ጦር ይዞ ከኤርትራ በኩል ገሥግሦ መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ፤ በሚያዝያም ጦሩ ወደ ጣና ዳርቻና ወደ ደብረ ታቦር ዘለቀ። ወሩ የበጋ ወር በመሆኑ የሜዳው ዋልካ ደረቅ ነበር። በወረራው ዘመን ወደ አገራችን ከገቡት ከባድ መኪናዎች መካከል በሕዝብ ዘንድ ስሙ የቀረው ፊያት 634 ነው፤ ከቍጥሩ የመጨረሻውን 34 ወስዶ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የተሠራ፣ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለውና ከ75 እስከ 80 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነበር። ላንቻ ሮ የተባለው ሌላው መኪና ደግሞ በጀርመኑ ዩንከርስ ፈቃድ የተሠራ እንግዳ ሞተር ነበረው፤ ሲሊንደሮቹ 2 ሲሆኑ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። ላንቻ እ.ኤ.አ. በ1938 ይህንን ትቶ 3 ሮ ለተባለው መኪናው ባለ 5 ሲሊንደር ሞተር አወጣ። እንግዲህ ለአንድ ዓይነት መኪና ሌላ ሞተር መስጠት የገጠር ጋራዥ ፈሊጥ ብቻ ሳይሆን የፋብሪካም ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ልዩነቱ ፋብሪካው ሻንሲውን ከሞተሩ ጋር አብሮ መንደፉ ነው፤ ጋራዡ ግን ተሠርቶ ያለቀ ሻንሲ ይዞ ይጀምራል።

ከነጻነት በኋላ

ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ በጎንደር እጁን ሲሰጥ የጣሊያን ጦር በአገራችን የነበረው የመጨረሻ ይዞታ አበቃ። መኪናዎቹ ግን ቀሩ፤ ከጣሊያኖቹም ጋራዥ ከፍተው የቀሩ ነበሩ። ጣሊያን በጦርነት ላይ በነበረችበት ጊዜ የመለዋወጫ ዕቃ ከፋብሪካው ማስመጣት የሚቻል ነገር አልነበረም። ሻንሲው ደኅና ሆኖ ሞተሩ የሞተ መኪና በአንድ በኩል፣ ሞተሩ ደኅና ሆኖ አካሉ የተሰበረ መኪና በሌላ በኩል ሲቆም፣ ሁለቱን አንድ የማድረግ አሳብ ለማንም ብልህ ሠራተኛ የሚመጣ ነው።

ለዚህ ዘመን ትልቁ ምስክራችን የጋራዥ ቋንቋ ነው። መካኒኮቻችን እስከ ዛሬ ድረስ ሻማውን ካንዴላ፣ የሞተሩን ክዳን ቴስታታ፣ የጭስ ድምፅ ማፈኛውን ማርሚታ፣ የብረት ድርብርብ መወጠሪያውን ባሌስትራ፣ የዘንግ መጋጠሚያውን መስቀል ክሮቸራ፣ የመሪውን ዘንጎች የሚያያይዘውን ጕልበት ቴስቲና፣ የጠመዝማዛ መፍቻውን ካቻቢቴ፣ ብረት የሚያሽከረክረውን መቅረጫ ቶርኖ ይላሉ። እነዚህ ቃላት በትምህርት ቤት የተማሩ አይደሉም፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ ናቸው። «መሪ» የሚለው ቃል ግን የራሳችን ነው፤ በሬና በቅሎ ከመምራት የተወሰደ ይመስለናል።

የቀለም ትምህርቱ ዘግይቶ ደረሰ። በአዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ለፎገራ ቅርብ የሆነው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ ተቋቁሞ ከሌሎች ሙያዎች ጋር የእርሻ መካኒክና የብረታ ብረት ሥራ አስተማረ። በደርግ ዘመንም ዚልና ኡራል የተባሉት የሶቪየት ከባድ መኪናዎች ሲበዙ፣ ከእነርሱ መካከል ባለ 8 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያላቸው ነዳጅ አብዝተው ስለሚጠጡ በናፍጣ ሞተር የመለወጥ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። በፎገራ ደግሞ በዚያው ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያለማመዱት ሩዝ እየተስፋፋ በመሄዱ ወረታ የሩዝ መፈልፈያና የገበያ ከተማ ሆነች። ጭነት በበዛበት መኪና ይበዛል፤ መኪና በበዛበት ጋራዥ ይበዛል።

መሪው በየትኛው በኩል ነው?

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። የጣሊያን ከባድ መኪናዎች፣ በጣሊያን አገር የሚነዳው በቀኝ ቢሆንም፣ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ በዓይኑ እያየ እንዲነዳ ነው። በአገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. የሚነዳው በግራ ስለ ነበረ ይህ አሠራር ለትራፊክ ደንቡም የሚስማማ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ ስትዞር ግን መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪናዎች ሁሉ ባንድ ሌሊት ከደንቡ ተቃራኒ ሆኑ፤ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ መንገዱ አይታየውም። በዚህና ከዚያ በኋላ በየጊዜው መሪያቸው በቀኝ የሆኑ መኪናዎች ከውጭ በመምጣታቸው ምክንያት መሪን ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ።

መሪ ማዞርና ሞተር መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ቢመስሉም በሞተሩ ጎን ባለች ጠባብ ስፍራ ላይ ይጋጫሉ። ፋብሪካው መኪናን ሲነድፍ የመሪውን ዘንግ በአንድ ጎን ካሳለፈ፣ የጭሱን መሰብሰቢያ (ኮሌቶሪ የሚባለውን) በተቻለ መጠን በሌላው ጎን ያደርገዋል፤ ወይም ለሁለቱም የሚበቃ ስፍራ አስቀድሞ ይተዋል። የሌላ መኪና ሞተር በገባ ጊዜ ይህ ስምምነት ይፈርሳል። አዲሱ ሞተር ጭሱን የሚያወጣው መሪው ባለበት ጎን ሊሆን ይችላል። በሁለት ጎን ጭስ የሚያወጣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሲሆን ደግሞ ማምለጫ የለም፤ በየትኛውም በኩል መሪ ቢኖር ከጭስ ቧንቧ ጋር ጎረቤት ነው። በተቃራኒው ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ሞተር ጎኑ ቀጭን ስለ ሆነ ለመሪው ስፍራ ይለቃል፤ ነገር ግን ረጅምና ቁመታም በመሆኑ ከፊት ራዲያተሩን፣ ከላይ ኮፈኖውን፣ ከታች የፊቱን አክስል ይገፋል።

መፍትሔዎቹና ዋጋቸው

የጋራዦችን መፍትሔዎች በአራት ከፍለን ማየት ይቻላል።

አንደኛው ሞተሩን ማንቀሳቀስ ነው። ሱፖርቶቹን (ሞተሩ የሚቀመጥባቸውን እግሮች) ቆርጦ እንደገና በመበየድ ሞተሩን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ማዛወር ብዙውን ግጭት ያቃልላል። ዋጋው ግን ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ማዕዘን መለወጡ ነው። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ክሮቸራዎች ማዕዘናቸው እኩል ካልሆነ ዘንጉ ባንድ ዙር ውስጥ ፈጠንና ዘግየት እያለ ይሽከረከራል፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቸራውም ቶሎ ይበላል።

ሁለተኛው የጭሱን መሰብሰቢያ መለወጥ ነው። አንዳንዱ ኮሌቶሪ ተገልብጦ ሊገጠም ይችላል፤ አፉ ወደ ታች የነበረው ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት ይሆናል። ይህ ካልሆነ ከወፍራም ብረት ቧንቧ ቆርጦ አዲስ መበየድ ነው። የፋብሪካው ኮሌቶሪ በአብዛኛው የተቀለጠ ብረት ስለ ሆነ እሱን መበየድ ከባድ ነው፤ በዝግታ ሳይሞቅና በዝግታ ሳይበርድ ከተበየደ ይሰነጠቃል። ደግሞም ቧንቧው በጣም ከጠበበና ከተጣመመ ጭሱ ስለሚታፈን፣ ለዳገት ብሎ ሞተር የለወጠው ሰው ያገኘውን ጉልበት መልሶ ያጣዋል።

ሦስተኛው መሪውን ማጠፍ ነው። ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረውን የመሪ ዘንግ ቆርጦ ሁለት ክሮቸራ በማስገባት ከቧንቧው ዙሪያ ማሳለፍ ይቻላል። ሁለቱ ክሮቸራዎች እኩል ማዕዘን ካላቸውና ሹካዎቻቸው በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ አንዱ የሌላውን አለመስተካከል ያጠፋል፤ ካልተሰለፉ መሪው አንዴ ቀለል አንዴ ከበድ ይላል። ማዕዘኑ ከ30 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ክሮቸራው ይይዛል። ሦስት ክሮቸራ ካስፈለገ ደግሞ መካከለኛው ዘንግ በኩሽኔታ ተደግፎ በሻንሲው ላይ መታሰር አለበት፤ አለዚያ እንደ ገመድ ይዘላል።

አራተኛው ሁለቱንም በስፍራቸው ትቶ በመካከላቸው መከለያ ማቆም ነው። የናፍጣ ሞተር ጭስ በጭነት ጊዜ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ የቤንዚኑ ከዚያም ይብሳል። ይህ ሙቀት የመሪውን ቅባት ያቀልጣል፣ ላስቲኩን ያደርቃል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የፍሬን ቧንቧ ካለም ዘይቱን ያፈላዋል። ዘይቱ ሲፈላ ፍሬኑ ባዶ ይሆናል፤ ያውም ቍልቍለት ላይ። በመካከል የምትገባ አንዲት ላሜራ፣ በሁለቱም ፊቷ አየር እንዲያልፍ ተደርጋ ከታሰረች፣ ይህን አደጋ ታቃልላለች።

ከአራቱም በላይ አንድ ደንብ አለ። መኪና ቆሞ የሚለካ ነገር አይደለም። ሞተር በጎማ ሱፖርት ላይ ስለሚቀመጥ ጉልበት ሲሰጥ ዘንበል ይላል፤ አክስሉም ከባሌስትራው ጋር ይወጣል ይወርዳል። ባዶ መኪና በደልዳላ ስፍራ ቆሞ በመሪው ዘንግና በሞተሩ የዘይት ገንዳ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቢታይ፣ ያው መኪና ሩዝ ተጭኖ ከጎድጓዳ ሲገባ ክፍተቱ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ፣ ባሌስትራውንም እስከ መጨረሻው አስጨንቀው መለካት ያስፈልጋል። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው።

ጭሱና ውኃው

በፎገራ ሌላ ጣጣ አለ። በሌላ አገር የጭስ ቧንቧ ከሻንሲው በታች ቢያልፍ ጉዳት የለውም። በዚህ ሜዳ ግን የመኪና ጎማ በዋልካው ላይ ጥልቅ ፈር ያወጣል፤ በፈሩ መካከል የሚቀረው ጉብታ በመኪናው ሆድ ያለውን ሁሉ ይነካል። ማርሚታው ተላቆ ይቀራል ወይም ይጨፈለቃል። በክረምትም የውኃ መሻገሪያ ላይ ሞተሩ የጠፋበት መኪና ቧንቧው ከውኃ በታች ከሆነ ውኃ ወደ ውስጥ ይመለስበታል፤ ውኃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅምና ሲሊንደር ውስጥ ከደረሰ በኋላ ሞተሩን ለማስነሣት የሚሞክር ሰው የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል። ስለዚህ ሞተር ሲለወጥ ቧንቧውን ከታች ከማሳለፍ ይልቅ በጎን አውጥቶ ወደ ላይ ማቆም ለዚህ አገር የሚስማማ ነው። ያን ጊዜ ግን ቧንቧው ከሾፌሩ ቤት ጎን ስለሚያልፍ መጋጠሚያው በደንብ ካልተዘጋ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከመሪው የሸሸ ቧንቧ ከሾፌሩ ሳንባ ጋር እንዳይገናኝ መጠንቀቅ ነው።

የታሪክ ጸሐፊው ምን ይሰብስብ?

እንዲህ ያለውን ታሪክ ለመጻፍ ሰነድ የለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አለ እንላለን። የእያንዳንዱ መኪና ሊብሬ የሻንሲውን ቍጥርና የሞተሩን ቍጥር ለየብቻ ይይዛል፤ ሞተሩ በተለወጠ ጊዜ ቍጥሩም መለወጥ ይገባዋል። እንግዲህ የአሮጌ መኪናዎችን ሊብሬ ሰብስቦ ያነበበ ተማሪ የትኛው ሞተር በየትኛው ዘመን ወደ የትኛው ሻንሲ እንደ ተሻገረ ሊከተል ይችላል። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ሌላው መንገድ ነው። ሦስተኛው ሰነድ ብረቱ ራሱ ነው። በሻንሲው ላይ የቀረ የብየዳ ጠባሳ፣ ተዘግቶ የቀረ የቡሎን ቀዳዳ፣ ተቆርጦ የተቀጠለ የመሪ ዘንግ፣ ማንበብ ለሚችል ሰው እንደ ብራና ናቸው። ነገር ግን ብራና በገዳም ይጠበቃል፤ አሮጌ ሻንሲ ግን ቆራሌው ወስዶት ይቀልጣል። ሥራውን በእጃቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው።

ይህን ስንል ሥራውን ሁሉ እናመሰግናለን ማለታችን አይደለም። ብየዳው የተሰነጠቀ የመሪ ዘንግ ዳገት ላይ ሲበጠስ የሚሞተው መካኒኩ ሳይሆን ከጭነቱ ላይ የተሳፈረው ገበሬ ነው። ጋራዡ ችግሩን የሚፈታው በልምድ ነው፤ ልምዱም ስላልተጻፈ አንዱ ጋራዥ በአደጋ የተማረውን ሌላው ጋራዥ እንደገና በአደጋ ይማረዋል። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን የተዘጋጀውን አዲስ ሞተር ያስተምራሉ፤ በመንገዱ ላይ የሚሄደው መኪና ግን ብዙ ጊዜ ያ አይደለም። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ በላሜራ የተሠራው «ቅጥቅጥ» አውቶቡስ ሕዝባችንን ለረጅም ዘመን ሲያመላልስ እንደ ኖረ ሁሉ፣ የተለወጠ ሞተርም የኑሯችን አካል ሆኖ ኖሯል። ይህን እንደ ሌለ ቆጥሮ ማለፍ ሾፌሩንም ተሳፋሪውንም አይጠብቅም።

በጋፋት መንገድ ዐለቱ ለሠረገላው ተቆረጠ፤ በወረታ ጋራዦች መኪናው ለመንገዱ ተቆረጠ። በሁለቱም ጊዜ ከውጭ የመጣው አሳብ በአገሩ ምድር ላይ እንዲሄድ ያደረገው የአገሩ ሰው ጉልበትና መላ ነው። የታሪክ ክፍልና የምሕንድስና ክፍል ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው፣ አንዱ ሊብሬውን እያነበበ ሌላው ማዕዘኑን እየለካ፣ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር ባለው መንገድ ያሉትን ጋራዦች ቢያጠኑ ለታሪካችን አንድ ምዕራፍ፣ ለመካኒኮቻችንም አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ይገኛል ብለን እናምናለን። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሜትር፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃዋል። መዘግየት ግን አይገባም፤ የቆራሌው ሚዛን አይጠብቀንምና።